አይቆረጥም የተባለውን መስታወት ላስቆረጡት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና በተለይም የዓይንዎ ብርሃን እንዴት እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ተከራዮችዎ፣ ከእናቴ በስተቀር፣ ደህና ነን። እናቴ ግንባሯና ክንዷ ተሰፍቶ ተቀምጣለች፤ እርስዎንም ሳታነሳ አትውልም።

የእንጨት በር ብርሃን ይጋርዳል ብለው፣ ማንም ሳይለምንዎ፣ የጓዳውንም የመታጠቢያ ቤቱንም በር በመስታወት ስለለወጡልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ተከራይ ግድግዳ ላይ ሚስማር እንዳይመታ የሚከለክለው መመሪያዎ፣ ኃላፊው ቤቱን በስለት እንዲሞላው መፍቀዱ ግን ትንሽ ገርሞኛል። ስለዚህ የሚከተለውን አቤቱታ አቀርባለሁ፤ ምስጋና ነው ብለው ቢወስዱትም አልቀየምም።

፩. መጀመሪያ ያስመጡት መስታወት ትክክለኛው እንደነበር አልክድም። ለበር የሚመረጠው ያው በእሳት ግሎ የጠነከረው፣ ቢሰበር እንኳ እንደ ደረቅ ጨው ፍርፍር የሚለው ነው። ነገር ግን ሠራተኞችዎ በስንዝር የለኩት ይመስል፣ ሁሉም ከበሩ ልክ ሁለት ጣት ተረፈ። «አይቆረጥም» የሚል ጽሑፍ በያንዳንዱ ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ እርስዎ ግቢው መካከል ቆመው ይቆረጥ ብለው አዘዙ። መቁረጫው ጠበቅ ሲልበት ድው ብሎ ፈነዳና ግቢውን ሞላው። ሌላ ሰው ቢሆን ጽሑፉን መለስ ብሎ ያነብ ነበር። እርስዎ ግን፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና፣ ሲነኩት የሚፈርስ ልፍስፍስ መስታወት ለሰው ቤት አይሆንም ብለው የቀረውን መለሱና ተራውን፣ እንዳሻዎ የሚቆረጠውን አስመጡ። የሚታዘዝ ነገር እንደሚወዱ ድሮም እናውቃለን።

፪. በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር እንኳ ውስጡን የማያሳይ፣ የደበዘዘ መስታወት ይሁንልን ብንል፣ የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል አሉን። እግዜር ይስጥልን። አማቴ ሊጠይቁን የመጡ ቀን፣ ሳሙናዬን ሳልለቃለቅ ከውኃው በርሜል ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ቆየሁ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ቀና ብለው አያዩኝም።

፫. የእናቴ ዓይን ደክሟል። ያ ጥርት ያለ መስታወት፣ አንድ ምልክት እንኳ ሳይለጠፍበት፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ በምታልፍበት ተገተረላት። ሳህን ይዛ ሄደች፤ በግንባሯ ገባችበት። ተራው መስታወትዎ አልፈረፈረም፤ እንደ ቢላዋ ተሰንጥቆ ክንዷ ላይ ወረደ። ክንዷን በአንሶላ ጠቅልዬ ደረጃውን ሳወርዳት ስለ እርስዎ ያልኩትን እዚህ ብጽፈው የሚያወጣልኝ ጋዜጣ አይገኝም። ጽሕፈት ቤትዎም አካሄዷን ታስተካክል ሲል መከረን። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ግን ትጋትዎ አሳፈረን፤ እዚያው ቦታ ላይ የዚያኑ መስታወት መንትያ ገጥመው ጠበቁን።

ክቡር ሆይ፣ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የጠነከረው መስታወት፣ በሩ በሜትር ተለክቶ፣ ከፋብሪካው በልኩ ተሠርቶ ይምጣልን፤ ያ ከከበደዎ የእንጨት በራችንን ይመልሱልን፣ ብርሃኑ ይቅርብን። የታችኛዋ ጎረቤታችን ልጅ ዳዴ ማለት ጀምሯል። እሱም እንደ እርስዎ የተለጠፈ ጽሑፍ አያነብም፤ ልዩነቱ የእሱ ዕድሜ ገና መሆኑ ነው።

በብልህ አመራርዎ ሥር ሆነን በገዛ ቤታችን በጥንቃቄ የምንራመድ፣ እስካሁን በሕይወት ስላቆዩን ውለታዎን የማንረሳ፣

የሦስተኛው ፎቅ ተከራይና የእናቱ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ያን መንትያ መስታወት ዛሬ ጠዋት ነቅዬ፣ በክብር ተሸክሜ፣ ቢሮዎ ደጃፍ ላይ አቁሜዋለሁ። ጥርት ያለ ነውና አይታይም፤ ሲወጡ እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው እየዳበሱ ይውጡ። እናቴ፣ በሩ ከተነቀለ በኋላ እንኳ፣ በገዛ ቤቷ የምትሄደው እንደዚያ ነው።