ጎማ አውርዶ እንግዳ ስለጫነው መኪና

ለተከበሩ የብስክሌት ፌዴሬሽናችን ፕሬዚዳንት፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም በተራራው ውድድር ዕለት በቡድኑ መኪና ውስጥ ተጠጋግተው ለተጓዙት እንግዶችዎ ወገብ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ ከስታዲየሙ ጀርባ የብስክሌት ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ «ስለ ብስክሌት ውድድር ሕዝብ ዘወትር የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች» የሚል ባለቀለም ፖስተር ልኮልኝ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪ፣ ከምሰቅልበት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ደንበኞቼ ቆመው ያነቡትና መልሰው እኔኑ ይጠይቁኛል፤ ስለዚህ መልሶችዎን ቤተሰቤ ባየው ልክ ላሟላልዎ በትሕትና ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፤ «አንድ ሰው ለሚያሸንፍበት ውድድር ቡድን ለምን ያስፈልጋል?» ለሚለው፣ ረዳቶች እንድታሸንፍ ለተመረጠችው መሪ ነፋስ እየከለሉ፣ ውኃ እያቀበሉ፣ ሲያስፈልግም የገዛ ጎማቸውን ፈትተው እየሰጡ ያደርሷታል፣ ድሉም የሁሉም ነው ብለዋል። ብስክሌተኛዋ ታናሽ እህቴ ይህን ከፖስተሩ በፊት ከራስዎ አፍ ነው የሰማችው። ሱቄ ድረስ መጥተው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ ለቡድኑ የደከመች ልጅ በእርስዎ ዘመን እንደማትወድቅ ስለነገሯት፣ ለራሷ እንድትወዳደር የጋበዛትን ክለብ ትታ በእርስዎ ቡድን ረዳት ሆነች። እኔ ሻጭ በማለ ቁጥር ዕቃውን ገልብጬ የማይ ሰው ነኝ፤ የእርስዎን ቃል ግን መገልበጥ ነውር መስሎኝ ተውኩት።

ሁለተኛ፤ «በመንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ምን ይደረጋል?» ለሚለው፣ የቡድኑ መኪና መለዋወጫ ይዞ ከኋላ ይከተላል ብለዋል። መከተሉንስ ተከትሏል። የመሪያችን ጎማ ዳገቱ መሐል ላይ ሲፈነዳ እህቴ ወርዳ የራሷን የኋላ ጎማ ፈትታ ሰጠቻት፤ እንግዶችዎ ላያውቁ ስለሚችሉ፣ የውድድር ጎማ አንዲት መቆለፊያ ዞር ሲያደርጉለት ወዲያው ይወልቃል። ከዚያ ባለአንድ ጎማ ብስክሌቷን ተደግፋ መኪናውን ጠበቀች። መኪናው መጣ። መካኒኩ ዓይኗን ማየት አቅቶት፣ ጎማዎቹ ለእንግዶቹ ቦታ እንዲለቁ ተብለው ሆቴል እንደወረዱ ነግሯት አለፈ። ከእንግዶቹ አንዷ በስልኳ ፎቶ አንሥታታለች፤ ቢላክልን በክብር እንሰቅለዋለን።

ሦስተኛ፤ «ወደኋላ የቀሩትስ?» ለሚለው፣ ከሁሉ መጨረሻ የሚመጣው መኪና ያቋረጡትን ይለቅማል ብለዋል። የዚያ መኪና ሾፌር ያቋረጠች መስላው በሩን ከፍቶ እንድትገባ ለመናት። «ጎማ ካለህ ስጠኝ፤ ወንበሩን ለደከመው አቆየው» አለችው። ሰጣት። የሚለቅመው መኪና ጎማ ይዞ የሚረዳው መኪና ያለ ጎማ ለምን እንደሄደ የሚያስረዳ መልስ ፖስተሩ ላይ ፈልጌ አጣሁ።

እየነዳች ስትደርስ መሪያችን አሸንፋ፣ ከክቡርነትዎ ጋር ፎቶ ተነሥታ፣ ሠራተኞች መድረኩን እየነቀሉ ነበር። ከተፈቀደው ሰዓት ዘግይታለች ተብላ ከውድድሩ ተሰረዘች፤ ሕግ ነውና አልከራከርም። ከዚያ ግን ኮሚቴዎ «ውድድር ያላጠናቀቀች» ብሎ ወደ ውጭ ከሚሄደው ቡድን አወጣት። የቡድኑ ምርጫ የሚዘጋው በመጪው ዓርብ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ፖስተሩ ላይ የለም፤ የጠየቁት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ቢሮዎ መጥቼ ኮሪደር ላይ ሳገኝዎ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁዎ። እየተራመዱ «ጎማሽን ስጪ ያላት ማን ነው?» አሉኝ። የዕለት ውሎዬን የመጻፍ ልማድ አለኝና ቃላቸውን ያጠፉ ብዙ ሰዎች እዚያ ሰፍረዋል፤ እንዲህ ባጭሩ የጨረሰ ግን አልነበረም። ለጊዜዬ ስለተጨነቁ አመሰግናለሁ።

ለእህቴ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ብስክሌቷን አጥባ ስታበቃ «ጋሼ፣ ዛሬም ቢሆን እሰጣት ነበር እኮ፤ የከፋኝ እሱ አይደለም» አለችኝ። ምን እንደከፋት አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ ዓርብ ሳይደርስ ስሟን ወደ ቦታው ይመልሱልኝ ዘንድ እለምናለሁ። ከእንግዶችዎ ወንበር ለማንም እንዲነሣ አልጠይቅም፤ የእሷ ቦታ የብስክሌት ኮርቻ ነው።

እስከዛሬ በተናገሩት ቃል ሁሉ ላይ አንዳች ሳይጎድልብኝ አምኜዎት የኖርኩ፣ ከእንግዲህም በሩቁ የማከብርዎ፣

ከስታዲየሙ ጀርባ ያለው ባለሱቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእህቴ ምትክ የተመረጠችውና ሌሎቹ ረዳቶች ትናንት ሱቄ መጥተው ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው። በዚያች ዞር በምትል መቆለፊያ ፋንታ፣ ያለ ትልቅ መፍቻ ንቅንቅ የማይል የኋላ ጎማ ብሎን ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነበረኝና ለሁሉም ሸጥኩላቸው። ለመሪያችን ቢነግሩልኝ።