የአማቴን ድምፅ ለደመሰሰው ስክሪፕትዎ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ኤሰንቤክ
የሸለቆው ድምፅ መዝገብ ቤት፣ የቴክኒክ ክፍል የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ፈረሶችዎስ? ደም ግፊትዎስ? እኔ በሥርዎ የድምፅ ቀረጻ ሠራተኛ የሆንኩት ጃዝጉል፣ ንዴቱ እንቅልፍ ከመንሳቱ በቀር ደህና ነኝ። ፊት ለፊት ላመሰግንዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ፣ ምስጋናዬን በከተማችን ጋዜጣ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ፤ አስቀድሜ ስለ ሰርኩላርዎ አመሰግናለሁ። ከመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ውጭ ማንም ቅጂ እንዳያስቀር፣ ለኮምፒውተሩ በጻፉት የትእዛዝ ዝርዝር፣ በስክሪፕትዎም፣ ማንም እጁን እንዳያስገባ አዝዘው ነበር። እኔ ሞኟ ታዘዝኩ። አምና ያረፉት አማቴ ባለ ሦስት ክር መሣሪያቸውን፣ ኮሙዛቸውን፣ እየደረደሩ ያዜሙት ሁሉ የነበረው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

፪ኛ፤ እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ አትጽፍምም። ስለዚህ ፋይሉን «የትልቁ ቤት አባት ዜማ» ብዬ ሰየምኩት፤ በየቃሉም መካከል ክፍት ቦታ ተውኩ። ስክሪፕትዎ ደግሞ ፋይሎቹን ወደ አዲሱ ዲስክ ገልብጦ አሮጌውን እንዲያጸዳ የታዘዘ ነበር። የፋይሉን ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ስላልፈለጉ፣ በየክፍት ቦታው ቆራረጠው። «የትልቁ» የሚባል ፋይል ፈለገ፣ አጣ፤ «ቤት» የሚባል ፈለገ፣ አጣ፤ «አባት» ብሎ፣ «ዜማ» ብሎ ፈለገ፣ አሁንም አጣ። ከዚያ መገልበጡን እንኳ ሳያረጋግጥ አሮጌውን ዲስክ ሙልጭ አድርጎ አጸዳልዎ። እጅዎን ይባርከው!

፫ኛ፤ ሁለት ምልክት ቢጨምሩ እንደሚበቃ አስቀድሜ ስነግርዎ ስለሰጡኝ ምክርም ባለውለታዎ ነኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ስም ስትሰጪ አጭር አድርጊ! ምራትነትሽን ቤትሽ ተዪው፤ ይሄ ቢሮ ነው!» ነበር ያሉኝ። እንዴት ይረሳል? በሙት ዓመታቸው ድግስ ዘመድ ከየተራራው ወርዶ፣ እንደ ወጋችን ፈረስ ታርዶ፣ ድምፅ ማጉያው ተተክሎ ሳለ፣ ባለቤታቸው እጄን ይዘው «ልጄ፣ ምነው ዘገየሽ? ሽማግሌዬን ክፈቺልኝ እንጂ፤ ሰዉ እኮ እየጠበቀ ነው» አሉኝ። ምን ልበል? «መብራት ጠፋ» ብዬ ዋሸሁ። አምፖሉ ከራሳቸው በላይ ቦግ ብሎ እየበራ ነበር። እሳቸውም ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ይህን መቼም ይቅር አልልዎትም።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዓይንዎን ዳግመኛ ባላይ ግን ደስታዬ የሆነ፣
የትልቁ ቤት ምራት ጃዝጉል

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህ ጋዜጣ የሚወጣው ቅዳሜ ነው። ትናንት ዓርብ ያው ስክሪፕትዎ፣ ማንም ሳይነካው፣ የፊልሞቹን ዲስክ በተራው አጽድቷል። ነገ በጡረታ ግብዣዎ ላይ ለእንግዶችዎ ሊያሳዩ ያሰቡት የሠላሳ ዓመት አገልግሎትዎ ፊልምም እዚያው ነበር። ያስቀመጠችው እዚሁ የምትሠራው የልጅዎ ሚስት ናት፤ ጨዋ ልጅ ስለሆነች ስምዎን አልጠራችም፤ «የቤታችን ሞገስ ታላቁ ሰው» ብላ ነው የሰየመችው። ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ሰርኩላርዎን ፈራሁ። አደራ፣ ምራትዎን እንዳይቆጧት፤ አክብራዎት ነው። እንግዶችዎ ከጠየቁ «መብራት ጠፋ» ይበሏቸው።