የአስካለ ሆድና ጠያቂዎቿ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13፣ 1990

እህል ቤቱን የከፈትኩት አርፍጄ ነው። ፋሲካ ገና ማለፉ፤ ጤፍ የሚጠይቅ የለም። ባለቤቴ አስካለ ስታስመልስ አደረች። ሆዷ ተነፍቷል። እናቷ እማማ ድንቄ፣ ጾም የከረመ አንጀት ላይ ቅቤ ወርዶበት ነው ይላሉ። በየዓመቱ ይኸው ይባላል፣ በየዓመቱም ይለቃታል። ዘንድሮ አልለቀቃትም። ሱቁን ዘግቼ በኮንትራት ታክሲ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ማክሰኞ፣ ማታ

ራጅ ተነሳች። ዶ/ሩ ውጭ ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። አንጀቷ እዚያው ሆዷ ውስጥ ባለ ኪስ መሰል ክፍተት ሾልኮ ተቀርቅሯል። ከውጭ የማይታይ ሄርኒያ፣ ብዙ ሰው ላይ የማይገኝ። ቶሎ ካልተለቀቀ ይበሰብሳል። ሆዷን ሳይተረትር፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሊሞክር ፈለገ። እማማ ድንቄ አማተቡ፦ "ሳይከፍቱ ምን ሊያዩ ነው?"

እኔ ጆንያ የምገዛው ጎኑን በቱቦ ብረት ወግቼ፣ የወጣውን እፍኝ አይቼ ነው። ነገሩ አልገረመኝም። ግን ብረቱ በማይደርስበት እንክርዳድ የሚሞላ ሻጭም አውቃለሁ። ካሜራው ያላየውስ? አልኩት። "ካልታየኝ እዚያው ሰፊውን እከፍታለሁ። ለሁለቱም ይፈርሙልኝ።" መልሱን ወደድኩት። ፈረምኩ።

ረቡዕ

አንጀቷ ተለቀቀ። አልሞተም። ክፍተቱ ተሰፋ። ሆዷ ላይ ትንንሽ ፕላስተር ብቻ። አሁን የሚጠበቀው በታች የሚወጣ አየር ነው፤ ከወጣላት አንጀቱ ሠራ ማለት ነው። ማስታወሻዬ፣ ደክሞኛል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዓርብ

ክፍሉ በጠያቂ ተጨናንቋል። የዕድር ሰዎች ከጎፋ፣ ዘመዶቿ ከላፍቶ። የንስሐ አባታችን ከራስጌዋ። ዶ/ሩ ገብቶ ጮክ ብሎ፦ "ወ/ሮ አስካለ፣ አየር ወጣ?" አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፦ "ኧረ የለም።" ጠዋትም የለም፣ ከሰዓትም የለም። ሆዷ አሁንም ነፋ ብሏል። ዶ/ሩ ወደ ውጭ ጠራኝ። አንጀቷ ሌላ ቦታ ተይዞ ሊሆን ይችላል። እስከ ነገ ጠዋት ካልወጣት ይከፍታታል። ሰፊውን።

ቅዳሜ

የኦፕራሲዮኑን ልብስ አመጡላት። ፊቷን አየሁት። የሕመም ፊት አይደለም። ገበሬ የመጨረሻ ዋጋውን ሲደብቅ እንዲህ ዓይኑን ይሰብራል። አባን ይቅርታ ጠይቄ አስወጣኋቸው። እማማንም፣ ሌላውንም። በሩን ዘጋሁ። ወጥቶሻል እንዴ? ወደ ግድግዳው ዞረች።

"ከትናንት ጀምሮ። ታዲያ አባ ባሉበት ለዚያ ልጅ እግር ምን ልበለው?"

ልትታረጂ ነበር እኮ፣ አንቺ ሴትዮ! አልኳት።

"ቀስ በል፣ እናቴ ትሰማለች።"

ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝ። ለአንዱም አቅም አልነበረኝም። ዶ/ሩን ኮሪደር ላይ ደርሼበት በጆሮው ነገርኩት። መጥቶ ሆዷን አዳመጠ፣ ነካካ። ልብሱ ይመለስ አለ።

ከሰዓት በኋላ

እማማ ድንቄ ስለታቸው ሰምሮ ነው ይላሉ። አላረምኳቸውም። ከበሩ ፊት በቁሜ ነው የምጽፈው። ዶ/ሩ በጠየቃት ቁጥር ብቻዋን ትሆናለች፤ ቆርጫለሁ። አባን ከበር መልሻቸዋለሁ። የዕድሩ ሰብሳቢ ብርቱካን ይዘው ደረጃውን እየወጡ ነው። ይቀየሙኝ።