ወደ አናጺው ቤት የተመለሰው ወፍ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ናፍቆትህ ካስቸገረን በቀር ደህና ነን።

አምና የአባባ አናጺ ቤት መስኮት ላይ የከረመው፣ እግሩ ላይ የወፍ አጥኚዎች ያሰሩለት ቀለበት ያለው ትንሽ ወፍ ባሕርና በረሃ አቋርጦ ተመለሰልን። ክብደቱ ከአንድ እርሳስ ብዙም አይበልጥም። አባባ በደስታ መጋዛቸውን አስቀምጠው፣ "እንኳን ደህና መጣህ የኔ ጌታ" አሉት። እሱም አጠገባቸው አርፎ ጉሮሮው እስኪርገበገብ ዘመረ። ደንበኞቹ ሁሉ ወሬያቸውን ትተው ያዳምጡት ጀመር። አባባ አፉን አፉን እያዩ፣ "ምስኪን፣ መንገዱ አድክሞት ያዛጋል" አሉ። ደንበኞቹ ቀልድ መስሏቸው በሳቅ ፍርስ አሉ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ስትደውል ለአባባ ጮክ ብለህ አውራቸው፤ ዘንድሮ የስልካችን ድምፅ ደክሟል።

በዓይነ ሥጋ እስክንተያይ ሰላምህ ይብዛልኝ።

ታናሽ እህትህ