ሐዘኔ ስድስት ወር እስኪሞላው ዋልተር የት ይቆይ?

ለተከበሩ አቶ ግሌን ቬስተርሆልም
የስፕሩስ ኮርት መኖሪያ ቤቶች አስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢ
ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለስድስቱ የቦርድ አባላት ሙሉ ጤንነትን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን እመኛለሁ። ቢሮዎ እንደ ወትሮው ሞቆ እንደሚውልም ተስፋ አደርጋለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ማሞቂያ የሚሠራው ሲፈቅድ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ካፖርቴን ለብሼ መሆኑን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

ሮዛሊ ዙፓንቺች እባላለሁ። በሕንጻዎ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሥራዬ በትምህርት ቤት ምግብ ማብሰል ነው። ብዙ ስላልተማርኩ ስጽፍ ቀስ እላለሁ፤ ይህም ደብዳቤ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። በጋዜጣው የአንባቢያን ገጽ እንዲወጣልኝ የጠየቅሁት፣ ከዚህ በፊት በቀጥታ ለእርስዎ የጻፍኩት ደብዳቤ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚል ካርድ ብቻ ስላስገኘልኝ ነው። ካርዱ የሚያምር ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ አለበት።

ነገሩ የሚጀምረው ፌብሩዋሪ 11 ቀን ነው። ማክሰኞ ነበር። ለአራት መቶ ልጆች የተፈጨ ሥጋ በድንች ጋግረን እኔ በትልቁ ጭልፋ እያወጣሁ ሳለ፣ አንድ ወጣት ፖሊስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሰልፉ ጎን ወደ እኔ መጣ። ልጆቹ ወረፋ ሊቀማቸው የመጣ መስሏቸው «ኧረ ሰልፍ ያዝ! አንተም ትልቅ ሰው ነህ!» ብለው ጮኹበት። እሱም ምስኪን በእውነት ሄዶ ከኋላ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ሳህን አቀረብኩለት። «እመቤት፣ የኮሪ እናት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ልጄ ኮሪ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ዳቦ የሚያከፋፍልበት መኪና በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ በበረዶ ተንሸራቶ ገደል ገባ፤ ልጄም ሆስፒታል ሳይደርስ ዐረፈ።

ይህን ቀን ያነሳሁት ልብዎን ልነካ አይደለም፤ ቀኑን እርስዎም ስለሚያውቁት ነው። ማርች 3 ቀን የላኩልኝ ደብዳቤ «ከፌብሩዋሪ 11 ጀምሮ እንስሳው የሚሰጠው አገልግሎት የተቋረጠ በመሆኑ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ልጄ ሞተ የሚለውን ቃል እስካሁን በሙሉ አፌ ለመናገር አልቻልኩም፤ ቢሮዎ «አገልግሎት ተቋረጠ» የሚል ቀለል ያለ አነጋገር ስላገኘልኝ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን፣ እንስሳው የተባለው የኮሪ ውሻ ዋልተር ነው። ኮሪ ድሮ በወረቀት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የፋብሪካው የጭነት ሊፍት ተሰበረና እሱና አንድ የሥራ ባልደረባው አምስት ሰዓት ሙሉ ውስጡ ተዘግቶባቸው ቀሩ። ባልደረባው በሕይወት አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ኮሪ ሊፍት ማየት አቃተው፤ ቀጥሎም የደረጃውን የብረት በር ፈራ፤ ከዚያም ስምንት ወር ከቤት ሳይወጣ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሐኪሙ ውሻ ቢያሳድግ ይረዳዋል ብለው ጻፉለት። ቢሮዎም ያኔ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ዋልተርን «የስሜት ደጋፊ እንስሳ» በሚል ማዕረግ አስገባልን። ዋልተርን ያገኘነው ከተጣሉ ውሾች ማቆያ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ወስዶ መልሶታል፤ አንድ ጆሮው የታጠፈ ነው።

እኔ ባለማወቄ ውሻው ሕጋዊ የሚሆነው በልብስ መስሎኝ፣ ጽሑፍ ያለበት ቀይ ሰደርያና በፍሬም የተቀመጠ የምስክር ወረቀት በኢንተርኔት አዘዝኩለት። ኮሪ ሲያየው «እማ፣ ፖስተኛ አስመሰልሽው እኮ! አሁን ደብዳቤ አምጣ ሲሉት ምን ሊል ነው?» ብሎ ሳቀ። በስምንት ወር ውስጥ የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነበር። የቢሮዎ ሰዎች በኋላ ሰደርያው ምንም ዋጋ እንደሌለው በትሕትና አስረድተውኛል።

ማንም ሳያዝዘው ውሻውን ያሠለጠነው ኮሪ ራሱ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሆን ብሎ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ዋልተር መጥቶ ጎኑን እግሩ ላይ ሲያስደግፍ «በቃ፣ ያዝከኝ» ይለውና ቁራሽ አይብ ይሰጠዋል። ውሻው ብልጥ ስለሆነ ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ አይብ ያለው መሰለው። የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ዴሎሪስ ዕቃ ተሸክመው እያለከለኩ ደረጃ ሲወጡ ሄዶ ተደገፋቸው። «አይ ኮሪ፣ ነፍሱን ይማረውና ባሌ እንኳ እንዲህ ተጠግቶኝ አያውቅ!» አሉት።

ከዚያ ወደ ሕንጻው ሊፍት ሄድን። በመጀመሪያው ሳምንት እኔ በሩን ከፍቼ ያዝኩ፤ እነሱ ደጁ ላይ ተቀምጠው ውስጡን ብቻ አዩ። በሁለተኛው ሳምንት ዋልተር ብቻውን ገብቶ ተኛ። በአራተኛው ኮሪ አንድ እግሩን አስገባ። ክረምቱን እንዲህ ስንገፋ ቆይተን አንድ እሑድ በሩ ተዘጋባቸው፤ እኔም በደረጃው ወደ ምድር ቤት ሮጥኩ። ሲከፈት ልጄ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ዋልተር እግሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። «እማ፣ ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ» አለኝ። በሴፕቴምበር የዳቦውን ሥራ ያዘ።

እንግዲህ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁና።

አንደኛ። በደብዳቤዎ መሠረት ፈቃዱ የተሰጠው በኮሪ ስም ስለሆነና ኮሪም «በአድራሻው የማይኖር» ስለሆነ፣ ዋልተር ከደጋፊነት ተነሥቶ ተራ የቤት እንስሳ ሆኗል፤ ተራ የቤት እንስሳ ደግሞ በሕንጻው ስለማይፈቀድ በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ ማለትም እስከ ኤፕሪል 2፣ መውጣት አለበት። ውሳኔውን ለዋልተር አንብቤለታለሁ። ከማዕረጉ መውረዱ ብዙም የተሰማው አልመሰለኝም፤ ግን ከሥልጣን የሚወርድ ሁሉ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው መሰለኝ።

ሁለተኛ። ፈቃዱን ወደ እኔ ስም ለማዞር ቢሮ ወርጄ ነበር። ጸሐፊዎ ኬንድራ በደንብ ተቀብላኝ ቅጽ ሰጠችኝ። ቅጹ «የተደጋፊው ፊርማ» የሚል መስመር አለው። እሱ መፈረም እንደማይችል ብነግራት፣ ፋይሉን ገና ስላላየች «ምንም ችግር የለም፣ ወይዘሮ ሮዛሊ፤ ሲመቸው ጊዜውን ወስዶ ይፈርም» አለችኝ። ከዚያ ፋይሉን ከፈተች። ልጅቷ ፊቷ ደም መሰለና ከጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ከረሜላ በሙሉ እጄ ውስጥ ጨመረችልኝ። በእሷ ቅር አልተሰኘሁም። መስመሩ ግን ባዶ ስለሆነ ቅጹን እንደማይቀበሉኝ በማግሥቱ ጻፉልኝ።

ሦስተኛ። ታዲያ በራሴ ስም ላመልክት ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ እንደማልተኛ፣ እንደማልበላ፣ ሥራ ቦታም ጭልፋ ይዤ እንደምፈዝ ጻፈችልኝ። ቦርድዎ ሐዘን ተፈጥሯዊ ስሜት እንጂ ለፈቃድ የሚያበቃ ሕመም አለመሆኑን፣ ሆኖም ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ጉዳዬ እንደገና ሊታይ እንደሚችል መለሰልኝ። ስለ ተስፋው አመሰግናለሁ። ነገር ግን ዋልተር የሚወጣው ኤፕሪል 2 ነው፤ የእኔ ሐዘን ስድስት ወር የሚሞላው ኦገስት 11። በመካከል ላሉት አራት ወር ከዘጠኝ ቀን ሐዘኔን ሳላሳንስ በደንብ ጠብቄ ካቆየሁት ዋልተር ይመለስልኛል፤ እንደ ምንም ከቀለለልኝ ደግሞ እንግዲህ ዋልተር አያስፈልግሽም እባላለሁ። በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ቢያረጋግጡልኝ? እንዳልኩት ብዙ አልተማርኩም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ጽፌ ሳነበው ስድብ ሆኖ ስላገኘሁት ቀደድኩት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ዋልተር እኔን አያጽናናኝም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ኮሪ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ ሊፍቱ በር ፊት ሄዶ ይቀመጣል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይነሣል፤ ሌላ ሰው ሲወጣ ይቀመጣል። ልጄ እንደማይመጣ ለእኔ ፖሊሱ ነግሮኛል፤ ለውሻው የሚነግረው የለም። እኔም እንዴት እንደምነግረው ስላላወቅሁ፣ መሬቱ ላይ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ትንፋሼ ያጥረኝና ይደገፈኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ እሱ ይንቀጠቀጥና እኔ እደገፈዋለሁ። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን መስመር ፈልጌ አጣሁ።

ወደ ማቆያውም ደውዬ ነበር። ሦስት ጊዜ የተመለሰን ያረጀ ውሻ የሚወስድ ሰው እንደማይገኝ፣ ከዚያ በኋላ ስለሚሰጠው የመጨረሻ መርፌም በለሰለሰ ቃል ነገሩኝ። ስለዚህ ወስኛለሁ። እህቴ ክሎኬ ከተማ ውስጥ ከጋራዧ በላይ አንዲት ክፍል አላት፤ ዋልተርንም እኔንም ትቀበለናለች። ኤፕሪል 1 ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤቱን እለቅላችኋለሁ። የኮሪ የሥራ ጃኬት በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ እሱን የማወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ልጄ የኖረበትን ቤት ለመልቀቅ ዕድሜዬም አቅሜም አይፈቅዱልኝም ነበር፤ የእርስዎ ቦርድ ባያግዘኝ ኖሮ በራሴ ድፍረት አላደርገውም ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ የከተማዬ ሰዎች፣ ከእናንተ የምፈልገው ፊርማ ወይም አቤቱታ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያናችሁ ሻማ ስታበሩ፣ ወይም ዳቦ የጫነ መኪና በጠዋት ሲያልፍ ስታዩ፣ ኮሪ ዙፓንቺች ብላችሁ ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩለት። ጠባብ ቦታ ይፈራ ነበርና፣ ጌታ ሰፊ ቦታ እንዲሰጠው ለምኑልኝ።

በየደብዳቤያችሁ ግርጌ «ውድ ነዋሪያችን» ስትሉኝ የኖርኩ፣ ከኤፕሪል 1 ቀን እኩለ ቀን ጀምሮ ግን ውድም ነዋሪም የማልሆን፣ ከታላቅ አክብሮትና ከብዙ ድካም ጋር፣

ሮዛሊ ዙፓንቺች
ስፕሩስ ኮርት፣ አራተኛ ፎቅ

ማሳሰቢያ፦ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት ሴት ውሾችን ካዘነ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ታስተምራለች። ሰዎችንም ትቀበል እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሰው ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይምጡ፣ እንሞክራለን» አለችኝ። ለሰባት የቦርድ አባላት ቦታ እንድትይዝ ነግሬያታለሁ።