ሦስተኛው ሻማ ያልበራበት ምክንያት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ያን ሁሉ ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ የሚያብጠው እግርሽስ? እህል በሰዓቱ ትቀምሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አሠሪዎችሽ ስልክሽን ከወሰዱብሽ ወዲህ ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ይህን የምጠይቀው ግድግዳውን ነው። በስልክ ሁልጊዜ የምልሽን «ሁላችንም ደህና ነን» ዛሬ አልጽፈውም። ደብዳቤውን የምታደርስልሽን ሴትዮ አንብበሽ እስክትጨርሺ አጠገብሽ እንድትቀመጥ ለምኛታለሁ። ቶሎ እንዳትሸኛት።

ልጆችሽ በጤናቸው ደህና ናቸው። ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ከቀሚሷ አምልጧል። ፍርዷ ስለማይዛባ ሰፈሩ በሙሉ «ዳኛዋ» ይላታል፤ እኔም ከለመድኩት ሰነበትኩ። ትንሿ ድንቢጥ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ስታወራ ከቃሏ ምራቋ ይቀድማል። እኔ እንደዚያው ነኝ፤ ፀጉር ቤቱን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ወንበሩ አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ደንበኞቼ አንገታችንን አጣመምከው ይሉኛል። እኔ ደግሞ ድሮም ጠማማ ነበር እላቸዋለሁ።

የገና መዳረሻ አራቱ ሳምንታት እንደገቡ አባባ ለአራት ሻማ ቀዳዳ የበሳላትን ጣውላ ከአልጋ ሥር አወጣናት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ምንም አልቀየርንም። እሑድ እሑድ ጀንበር ስትጠልቅ አንድ ሻማ እንጨምራለን፤ የምትለኩሰው ድንቢጥ ናት። ከነቢዩ ኢሳይያስ ይነበባል። ከመለኮሱ በፊት ግን፣ እንደ አባባ ሕግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ሰው የበደለ በደሉን ለበደለው ሰው ይናገራል። «ውሸት በተደበቀበት ቤት ሻማ ማብራት ሰም ማባከን ነው» ይል የነበረውን መቼም አትረሺውም። አምና ንባቡን አንቺ ነበርሽ በድምፅሽ ቀድተሽ የላክሽልን፤ ለአራቱም እሑድ አራት ጊዜ። ሁሉም በስልኬ ላይ አሉ።

በመጀመሪያው እሑድ ድንቢጥ «እማዬ ዘንድሮ አታነብልንም?» ብላ ጠየቀች። ለመላጣ «ፀጉርህ እየመለሰልህ ነው» ማለት የለመደ አፍ ምን ይቸግረዋል? «ዛሬ ጠዋት ልካዋለች» አልኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ የአምናውን ከፈትኩት። ድንቢጥ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማች። እማማ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ነቀነቀች። በደል የመናገሩ ተራ ሲደርሰኝ፣ የአንድ ደንበኛዬን የጆሮ ጫፍ በምላጭ ነክቼ በሽቶ እንዳድበሰበስኩትና ነገ ለራሱ እንደምነግረው ተናገርኩ፤ ሁሉም ሳቁ። ዋናውን ውሸት ኪሴ ውስጥ ይዤ ትንሿን ተናዘዝኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለውን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል? በሁለተኛው እሑድ የአምናውን ሁለተኛ ንባብ መጨረሻውን ሳልሰማው ከፈትኩት። ንባቡ ካለቀ በኋላ ድምፅሽ ቀጠለ። «አባባን ጉልበቱን ሳሙልኝ፤ ሻማውን እፍ ሲል ጢሙን እንዳይለበልበው ጠብቁልኝ» አልሽ። እማማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ድንቢጥ ግን ዞራ አየችኝና «እማዬ አባባ መሞቱን አታውቅም እንዴ?» አለች።

እትዬ፣ ይህን በራሴ ቃል ልጽፍልሽ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ፤ አልሆነልኝም። ከልጅሽ አፍ ስሚው ብዬ ነው። አባባ ሞቷል። ያረፈው በሚያዝያ ወር፣ ሳምባው ሦስት ሳምንት ካሠቃየው በኋላ ነው። በሥርዓቱ ቀብረነዋል፤ ከሰፈርተኛው አንድም ሰው አልቀረም። እማማም ሽማግሌዎቹም «ሰው አገር፣ አጽናኝ በሌለበት፣ ብቻዋን እንዴት ትስማው? ስትመጣ ይነገራታል» አሉ፤ እኔም ተስማማሁ። ምክሩ የሁላችን ቢሆንም የዋሸሽ አፍ የኔ ነው። አንድ ጊዜ «ጆሮው ከብዶታል» አልኩሽ፤ አንድ ጊዜ «ተኝቷል»፣ አንድ ጊዜ «ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቷል»። ልጆቹን ሳገናኝሽም አጠገባቸው ቆሜ ወሬውን እቀይር ነበር። የሞተ ሰው አምስት ወር ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ ከረመ። ስልክሽ ሲወሰድብሽ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ ብያለሁ።

ዳኛዋ አላለቀሰችም፤ ማልቀሷ ይሻለኝ ነበር። ሳምንቱን በሙሉ ምሳዬን ወደ ፀጉር ቤቱ እያመጣች ከመስተዋቱ ሥር ታስቀምጣለች፤ ፊቴን ሳታይ ትመለሳለች። ድምፁ የአምናው መሆኑን ያወቀችው በመጀመሪያው እሑድ እንደሆነና ለድንቢጥ ብላ ዝም እንዳለች በኋላ ከእማማ ሰማሁ። ትናንት ሦስተኛው እሑድ ነበር። ሁለቱ ሻማዎች በሩ፤ ድንቢጥ ለሦስተኛው ክብሪት ልትጭር ስትል ዳኛዋ እጇን ያዘችና «ቆይ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ አንተ የዋሸኸው እኛን ብቻ አይደለም። እማዬ ሳትሰማ ይህ ሻማ አይበራም» አለች። ደብዳቤ አንድ ወር ይፈጃል፣ ገናም ያልፋል ብዬ ተለማመጥኳት። «ይለፍ» አለችኝ። እማማ «ተዪው ልጄ፣ አንድ ጊዜ ማሪው» ብትላትም ንቅንቅ አላለችም። ሻማው እንደቆመ አደረ። በልጅ ተፈረደብኝ፤ ይግባኝ የምልበትም የለኝም።

ዳኛዋም ሆነች እማማ የማያውቁት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባባ ከማረፉ ሁለት ቀን በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኔና እሱ ብቻችንን ነበርን። ትራሱን እያስተካከልኩለት «የልጄን ድምፅ አሰማኝ» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ስልኩ በእጄ ላይ ጮኸ፤ አንቺ ነበርሽ። ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር። ያን ትንፋሽ ከሰማሽ ሁሉን ጥለሽ እንደምትመጪ አወቅሁ፤ የልጆቹ ትምህርትም የእማማ መድኃኒትም በአንቺ ላይ ነበር። ስልኩን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁና «ተኝቷል» አልኩሽ። ስመለስ «ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደንበኛ ነው» አልኩት። «እሷ መሰለችኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ጥርት ያለ ነገር አልተናገረም።

ሽማግሌዎቹ ይህን አልመከሩኝም፤ እማማም አታውቀውም። ብቻዬን ያደረግሁት ነው። ጠዋት ጠዋት የደንበኛ አገጭ ይዤ ስላጭ ያቺ ቃሉ ትመጣብኛለች፤ ምላጩን አስቀምጬ ውኃ ልጠጣ እወጣለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ አላጣድፍሽም። ብትረግሚኝም እርግማንሽ ቦታውን አይስትም። መጀመሪያ ለአባትሽ አልቅሽለት፤ እኛ ስምንት ወር አልቅሰንለታል፣ አንቺ ግን ዛሬ መጀመርሽ ነው። ልምጣ ካልሽ ነይ፤ ልቆይ ካልሽም ቆዪ። ከእንግዲህ ስለ አንቺ አልወስንም።

እማማ ግንባርሽን ትስማለች፤ ከትናንት ጀምሮ «የልጄን ፊት በምን ዓይኔ አያለሁ» ስትል ነው የዋለችው፤ ለሷ ብቻ አንድ ቃል ጻፊላት። ዳኛዋ ትስምሻለች፤ ፖስታውን የማሽገው እኔ ነኝ ብላለች፤ ከማሸጓ በፊት ማንበቧ አይቀርም፣ ያን ከሰዓት በኋላ እሷም ታውቀዋለች። ድንቢጥ እጅሽን ትስማለች፤ ክብሪቱን በቀሚሷ ኪስ ይዛ ትዞራለች፤ ከበሩ ድምፅ በሰማች ቁጥር፣ ደብዳቤው ገና ሳይላክ፣ ያንቺ መልስ የመጣ እየመሰላት ትሮጣለች። ከእኔ ሰላምታ አልልክልሽም፤ ሰላም የምልበት ፊት የለኝም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ ጀርባ፣ አባባ ካረፈበት ክፍል
ታኅሣሥ ፲፯ ቀን፣ ሰኞ