በሱሀይላ እጅ የላክሁልሽ ችግኝ

ሚዛን ተፈሪ፣ ሰኔ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለከድጁዬ፣ አጋሮ

አሰላሙ ዓለይኩም። አንቺም እናትሽም ደህና መሆናችሁን ከጎረቤታችን ከሱሀይላ ሰምቼ አላህን አመሰገንኩ። ስደውል ስለማታነሺ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ለእህቷ ሰርግ ወደ አጋሮ ስለምትመጣ ችግኙንም ወረቀቱንም አደራ ሰጥቻታለሁ።

ችግኙን ስታዪው ታውቂዋለሽ። በራችን ላይ የተከልሽው ሂቢስከስ ነው፤ ልጃችን ነጅዋ ቀዩን አበባውን ጆሮዋ ላይ እየሰካች ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ጥቅምት ላይ ቀብረናት በሦስተኛው ቀን በገጀራ ስጨፈጭፈው በረንዳ ላይ ቆመሽ አየሽኝ። በማግስቱ ልብስሽን ይዘሽ ሄድሽ።

የሞተ መስሎኝ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን ጉቶው አቆጠቆጠ። ችግኝ ጣቢያ የሚሠሩትን ጋሽ ገብረወልድን ጠርቼ አሳየኋቸው። "መቆረጥ አይጎዳውም፤ እንዲያውም የሚያብበው አዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ነው" አሉኝ።

አተካከሉንም አስተማሩኝ። ስንዝር የሚያህል ቅርንጫፍ ከአንጓው ሥር ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ተክሎ ጥላ ሥር ማቆየት ነው። ስድስት ተከልኩ። አራቱ በሰበሱብኝ፤ ውሃ አብዝቼባቸው ነው። አንዱ እዚህ ቀረ፣ አንዱ አንቺ ጋ መጣ። ፀሐይ የሚያገኝበት፣ ውሃ የማይቋጥር ቦታ ትከይው። ቅጠሉ ቢጫ ካለ ውሃው በዝቶበታል ማለት ነው። እምቡጡ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ከተለጠፈ በሳሙና ውሃ እጠቢው። አበባው አንድ ቀን ውሎ ይረግፋል። ነጅዋ ሲመሽ ታለቅስበት አልነበር?

ከድጁ፣ ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት ስለ ችግኝ ብቻ ልጽፍ አይደለም። ነጅዋ የታመመችበት ቀን ገበያ ነበር። ሱቅ መጥተሽ "የልጅቷ ሰውነት እሳት ሆኗል፣ ወባ ይሆናል፣ ተነስ እንውሰዳት" አልሽኝ። "ገበያ ጥዬ አልሄድም፣ ነገ እንወስዳታለን" ያልኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ ላይ እናቴ "ምነው ቶሎ ሳትወስዷት?" ብላ ስትጠይቅ ግን በሰው ፊት "ከድጁ ናት እስኪ እንያት ያለችው" አልኩ። አንቺ ጓዳ ሆነሽ ሰምተሻል። የሄድሽው ለአበባው ብለሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ያለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እናቴንና ወንድሜን ሀምዳንን ቤት ጠርቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ሀምዳን ተነስቶ ወጣ። እናቴ "ስምንት ወር ሙሉ ያቺን ልጅ በሐሰት ስረግማት ከረምኩ" አለችና ሻርቧን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ወዲህ ከእጄ ውሃ እንኳ አልተቀበለችም።

ይቅርታ ልትጠይቅሽ አጋሮ ድረስ ካልሄድኩ ብላለች። ጉልበቷ እንደምታውቂው ነው፤ መንገዱም በዚህ ዝናብ ክፉ ነው፤ ግን እምቢ አለች። እኔ አይደለሁም የማመጣት፣ ሀምዳን ነው። ስትደርስ በር ክፈቺላት። የእኔን ነገር ግን አንቺ እንዳልሽ።

አላህ ልብሽን ያሳርፍልሽ። ልጃችንንም በጀነት ያኑርልን።

የነጅዋ አባት
አብዱላሂ